ከተራራው በፊት ለቅሶ

ቨርጂኒያን ለመዞር አንድ ሳምንት ነበረን። «ነበረን» የምለው መንገዱን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ነው እንጂ የምትሄደው ታላቅ እህቴ መሰረት ናት። ጂኦግራፊ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጥታለች፤ የዲላ ግማሽ ወጣት የአህጉራትን ስም የሰማው ከእሷ አፍ ነው። ራሷ ግን ከሐዋሳ አልፋ የሄደችው ባሏን ለማሳከም አዲስ አበባ ብቻ ነው፤ እዚያም ያየችው የሆስፒታል ኮሪደር ነው። ሰውዬው ለዓመታት አልጋ ላይ ነበር። አምና ሲያርፍ እሷም አብራው ያለቀች መስላ ነበር።

ልጇ ሀኒ አሌክሳንድሪያ በምትባል የቨርጂኒያ ከተማ ውስጥ አዛውንቶችን ትንከባከባለች። «እማዬ፣ ነይና እኔ ጋ ትንሽ ዕረፊ» አለቻት፤ ቪዛውም ወጣ። ሀኒ ግን ከሥራዋ የምታገኘው ፈቃድ አንድ ሳምንት ነው። በቀረው ጊዜ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች፣ እሑድንም ጨምሮ። መኪና የምትነዳውም እሷ ናት። ስለዚህ እህቴ አሜሪካን የምታይበት ጊዜ በጥቅምት ውስጥ ያለችው ያቺ አንዲት ሳምንት ነበረች፤ ሌላ አልነበራትም።

የፈለገችው አንድ ነገር ነው። በዚያ ግዛት ምዕራብ በኩል ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ፤ በጀርባው ላይ የመኪና መንገድ ተሠርቶበታል። በጥቅምት የዛፉ ቅጠል ሁሉ ቢጫና ቀይ ይሆናል። መሰረት «ቅጠላቸውን የሚያራግፉ ደኖች» የሚለውን ምዕራፍ በየዓመቱ አስተምራለች፤ እንዲህ ያለ ደን ግን አይታ አታውቅም። እዚህ ጌዴኦ ውስጥ እንሰቱም፣ ቡናውም፣ የጥላው ዛፍም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው።

«ባላየሁት ነገር ስምል ነው የኖርኩት» አለችኝ አንድ ቀን።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ተራራ ብቻ አይበቃም ብዬ ተከራከርኩ። ዊልያምስበርግ የሚባል የቅኝ ግዛት ዘመን ከተማ አለ፤ ሰዎች የድሮ ልብስ ለብሰው እንደ ድሮው ብረት ሲቀጠቅጡ ይታያሉ። ሻርለትስቪል አጠገብ ደግሞ «ሰው ሁሉ እኩል ተፈጥሯል» ብሎ የጻፈው ፕሬዚዳንት ቤት ኮረብታ ላይ ቆሟል፤ በጎኑ ባሮቹ ያድሩበት የነበረው ጎጆ አለ። እኔ የፈለግሁት ያን ጎጆ እንድታይልኝ ነው። ዓለምን ስለ ነጻነት ያስተማረ ሰው ሌሊት ማን እያገለገለው ይጽፍ እንደነበር፣ ገብታ፣ ቆማ፣ ጣሪያውን ቀና ብላ አይታ እንድትነግረኝ።

«ሲራክ፣ ይሄ የእኔ ጉዞ ነው ወይስ የአንተ ክርክር?»

«ክርክር ከሌለበት ሽርሽር ነው።»

«ሽርሽር ነው የምፈልገው። ቃሉ ራሱ ደስ ይለኛል። ሽርሽር!»

ተስማማን። ለእኔ ጎጆ አንድ ቀን፣ ለድሮው ከተማ አንድ ቀን፣ የቀረው ሁሉ ለተራራው። ክረምቱን በሙሉ ከሰዓት በኋላ በረንዳዋ ላይ እየተቀመጥን፣ ኔትወርክ ሲመጣ ካርታ እያየን፣ ሲጠፋ እየተጨቃጨቅን ሠራነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ያበላሸነው በጸሎት ነው።

ረቡዕ ረቡዕ ቤቷ የጸሎት ቡድን ይሰበሰባል። እያንዳንዱ የጸሎት ርዕስ ይሰጣል፤ የታመመ፣ ፈተና ያለበት፣ ቡናው ላይ በሽታ የገባበት። ተራዋ ሲደርስ «ለጉዞዬ ጸልዩልኝ» ብላ ማቆም ትችል ነበር። ግን አስተማሪ ናት፤ በደፈናው መናገር አይሆንላትም። ከተማ በከተማ ዘረዘረችው። ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ፣ ከሪችመንድ ወደ ዊልያምስበርግ፣ ከዚያ ተመልሳ በሻርለትስቪል በኩል ወደ ተራራው፣ በተራራው ጀርባ ደግሞ እስከ ሮአኖክ። እግዚአብሔር ካርታ የሌለው ይመስል! አሜን ሲባል ጉዞው የሕዝብ ሆኖ አደረ።

በማግስቱ መጀመሪያ የመጣችው ጎረቤቷ አትጠገብ ናት፤ ከመናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላት። ገና በሩን ሳታልፍ ጀመረች።

«ቲቸር፣ ሪችመንድ ትገቢያለሽ አሉ!»

«ለአንድ አፍታ ነው፣ አትጠገብ። በዚያ ነው የምናልፈው።»

«ማለፍ ብሎ ነገር አለ እንዴ? የእህቴ ልጅ እኮ ሪችመንድ ነው! አባቱን ስንቀብርለት አንቺም ነበርሽ፤ አፈር ሲለብስ አይተሻል። እሱ ወረቀት የለው፣ መውጣት አይችል። ከዚህ የሄደ አንድ ሰው ቤቱ ገብቶ ‘እግዚአብሔር ያጽናህ’ ያለው የለም። አንቺ ደግሞ በደጁ ልታልፊ?»

«እገባለሁ፣ እገባለሁ» አለች መሰረት። ምን ልትል ትችላለች?

ቀጥሎ አብሯት ያስተምር የነበረው ከፈለኝ መጣ። የእሱ እህት ኖርፎክ ናት፤ ኖርፎክ መንገዳችን ላይ እንኳ የለችም። «ከዊልያምስበርግ ቅርብ ናት ብለውኛል» አለ፣ እኔን እያየ፣ ካርታውን የደበቅሁት ይመስል። ከዚያ ከይርጋ ጨፌ ደወሉ። ከፍስሐ ገነት አንዲት እናት በሚኒባስ ተሳፍራ መጣች፤ ልጇ የሞተባት አሜሪካ ሳይሆን እዚሁ ነው፣ ወንድሙ ግን አሌክሳንድሪያ ይኖራል። ጌዴኦ ዞን ውስጥ ዘመዱን ቀብሮ ቨርጂኒያ ውስጥ ሐዘንተኛ የሌለው ሰው የጠፋ እስኪመስለኝ ድረስ መጡ።

ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ደጃፍ ማንኳኳት፣ ትንሽ ማልቀስ፣ መውጣት። ግን ለቅሶ መድረስ ተቀምጦ ነው። ሟቹ እንዴት እንደታመመ፣ የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር፣ ማን ተሸከመው፣ ማን ጸለየ፣ ሁሉም ከራስ እስከ እግር ይነገራል፤ ሐዘንተኛው የጠየቀው ደግሞ እንደገና ይነገራል። እሺ ተብሎ ምግብ ይበላል። ደራሹ ወደ ሐዘንተኛው ይሄዳል እንጂ ሐዘንተኛው «መጥቼ ልውሰድዎት» አይልም። ከሁሉ የባሰው ቅደም ተከተሉ ነው። የሚደርሰው ለቅሶ ያለበት ሰው መጀመሪያ ለቅሶውን ይጨርሳል። እዚያ አገር ደርሳ፣ የአንዱንም ቤት ሳትረግጥ ተራራ ላይ ቅጠል ስታይ ፎቶ ብትነሣ፣ ፎቶው እዚህ ከእሷ በፊት ይደርሳል። «ሐዘናችን ቅጠል አላህል አላት» ይባላል። እህቴ ደግሞ ቀሪ ዕድሜዋን የምትኖረው ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው።

እንደገና ተቀመጥኩና መንገዱን በየለቅሶ ቤቱ አወጣሁት። ሳምንቱ አለቀ። ተራራው ወጣ፣ የባሮቹ ጎጆ ወጣ፣ የድሮው ከተማ ወጣ። ለሀኒ በስልክ አነበብኩላት።

«አጎቴ፣ ይሄ ጉብኝት ነው ወይስ የቀብር ዙር?» አለችኝ። «እኔ እዚህ በየቀኑ የሚሞቱ ሽማግሌዎች ሳጥብ ነው የምውለው። ፈቃድ የወሰድኩት እማዬ እንድትስቅ ነው።»

ይሄን ለመሰረት ስነግራት ተቆጣሁ፤ በእሷ ላይ ሳይሆን በሁሉም ላይ። «የሞተ ሰው ይበቃሻል!» አልኳት። «ባልሽን ስታስታምሚ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ አንድ ሌሊት አገዘሽ? ቀብር ላይ ሁሉም አለ። አልጋው አጠገብ ግን ማን ነበር?»

«ቀስ በል፣ አትጠገብ በግንቡ ትሰማለች።»

«ትስማ!»

እሷ ግን ከድካሟ የተነሣ መጣላት እንኳ ትታለች። ነጠላዋን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዝናቡን ታያለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ በቀለ መጡ። ዱመርሶ የሚባል ቀበሌ ውስጥ የቡና ማሳ አላቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲጣላ ወደ እሳቸው ነው የሚሄደው። ልጃቸው ለሚ ሮአኖክ ይኖራል፤ የጭነት መኪና ይነዳል። እናቱን ከሁለት ዓመት በፊት ቀብረናታል። አትጠገብ ከሱቋ ሲያልፉ ስላየቻቸው ተከትላ ገባች። በረንዳው ላይ አራታችን ተቀመጥን።

አቶ በቀለ ቶሎ ወደ ነገሩ አይገቡም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ በሬኮ ያለው የቡና ማጠቢያም ዘንድሮ ቀድሞ እንደሚከፈት ተናገሩ። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ቲቸር፣ ሮአኖክ ድረስ ትሄጃለሽ ብለውኛል።»

እሷ ሳትመልስ እኔ ገባሁበት። «ጋሼ በቀለ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቴ ሐዋርያ አይደለችም። የምትሄደው ልታርፍ ነው። ከዚህ ዞን የወጣ ሐዘን ሁሉ በእሷ ጀርባ ላይ ተጭኖ ባሕር ይሻገር?»

«መምህር ሲራክ፣ እኔ አልጫንኩም። ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«መጠየቅና መጫን እዚህ አገር ምን ልዩነት አለው? እምቢ ማለት የማይቻልበት ጥያቄ ትእዛዝ ነው!»

«ኧረ መምህር!» አለች አትጠገብ። «በስንት ዓመቱ ሽማግሌ ላይ ይጮኻል?»

«አንቺም ጀማሪዋ ነሽ!»

«እኔ ያልጀመርኩት ነገር ምን አለ? ዝናቡንም እኔ ነኝ ያመጣሁት በል!»

መሰረት እጇን አነሣች። ክፍል ውስጥ እንዲህ ስታደርግ ዝም የሚባለው ልማድ እኔንም ይዞኛል።

«አንድ ነገር አስቤአለሁ» አለች። «ለቅሶውን ከዚሁ ልጨርሰው። ሳልሄድ። ለእያንዳንዱ ልደውል፤ ተቀምጬ፣ ሁሉንም ተናግሬ፣ አብሬ ላልቅስ። ኮሮና ጊዜ እንዲህ አድርገን አልነበረም? ከዚያ በኋላ ለቅሶ የለብኝም። እፎይ ብዬ እሄዳለሁ።»

አትጠገብ አቶ በቀለን አየች። እሳቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩና «ልጁ ከተቀበለ እኔ ምን እላለሁ» አሉ።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ከእህቴ ጭንቅላት እንዲህ ያለ ብልሃት ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እዚያ ጠዋት ስለነበር ወዲያው ደወልን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

«ለሚ፣ ቲቸር መሰረት ነኝ፤ ከዲላ።»

«ቲቸር! በሰላም ነው? አባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ናቸው፤ እዚሁ አጠገቤ ናቸው። ልጄ፣ የደወልኩት...» ጀመረች። ስለ እናቱ፣ በቀብሩ ቀን ስለነበረው ሕዝብ፣ ቤት ለቤት እንደሚነገረው አድርጋ ጀመረች። ድምፅዋ ተለወጠ። አትጠገብ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ቲቸር» አለ ለሚ። «ቲቸር፣ ይቅርታ። ይቁም።»

መሰረት ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«መርዶዬን የነገረኝ ስልክ ነው። ነዳጅ ማደያ ቆሜ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ‘ነፍሷን በገነት ያኑርልህ’ ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ብዙ ሰው አልቅሶልኛል። አሁን ስልክ አልፈልግም። መምጣት ካልቻልሽ ግድ የለም፣ እረዳለሁ፤ ግን በስልክ አይሁን።» ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል። «እናቴን ያያትን ሰው በዓይኔ ማየት ነበር የምፈልገው። በቃ። መሄድ አለብኝ፣ ጭነት አለብኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። አቶ በቀለ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። 

«ለሚ ጋ እሄዳለሁ» አለች መሰረት ቀስ ብላ። «የእሱን ብቻ። የተራራው ጉዟችን እዚያው ነው የሚያበቃው።»

አትጠገብ ነጠላዋን ከዓይኗ አወረደች። «እንግዲህ ቲቸር፣ ለለሚ ከሆነ የእህቴስ ልጅ? አባቱ ሰው አልነበረም? ወይስ የሽማግሌ ሐዘን ከባለ ሱቅ ሐዘን ይበልጣል?»

ልጮህባት አፌን ስከፍት አቶ በቀለ ቀደሙኝ።

«ልክ ናት» አሉ። «የእኔን ልጅ ለይተሽ ከገባሽ እኔ በእነዚህ ሰዎች ፊት በምን ዓይኔ እቀመጣለሁ? ነገ ሁለት ሰው ተጣልቶ ቢመጣ ‘አንተ ለራስህ ስታደላ’ ይለኛል። ወይ ሁሉም ጋ ግቢ፣ ወይ ማንም ጋ አትግቢ።»

«ልጅዎ እኮ አሁን ያለውን ሰምተዋል» አልኩ። ድምፄ ከፍ ማለቱ ይታወቀኛል። «ለሽምግልና ወንበርዎ ብለው ልጅዎን ያስጠማሉ?»

«ሰምቻለሁ፣ መምህር። አባቱ ነኝ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መሰረት ወደ አንዳችንም አላየችም።

«ሁሉም ጋ አልችልም፣ ጋሼ በቀለ። ሁሉንም ብል ያ ሳምንት ያልቃል፤ እኔም አብሬው አልቃለሁ። ባሌን ስቀብር የቀረችኝን አቅም ይዤ ነው የምሄደው። ይቺው ናት።»

«እንግዲያው ማንም ጋ» አሉ አቶ በቀለ።

«ማንም ጋ።»

 አቶ በቀለ ኮፍያቸውን አደረጉ፤ ከዚያ እንደገና አውልቀው መንገዷ የቀና እንዲሆን አጭር ጸሎት ጸለዩ። ከተማ አልዘረዘሩም። መሰረት እስከ በር ሸኘቻቸው። በበሩ ላይ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ትንሽ ቆዩና በጭቃው ላይ እየተጠነቀቁ ሄዱ። አትጠገብ ከኋላቸው ዣንጥላ ይዛ ተከተለች፤ ለእህቴ «ደህና ዋዪ» አላለቻትም።

አሸነፍን ብዬ ካርታውን ከፈትኩ። «በቃ፣ ከሻርለትስቪል እንጀምራለን። ጎጆው እንኳ ይቅር ካልሽ ይቅር፤ ለተራራው አንድ ቀን እንጨምርለታለን። በዚህ በኩል ብትወጡ...»

«ዝም በል ሲራክ።»

ስልኩን አንሥታ እንደገና ደወለች። ለሚ ወዲያው አላነሣም። ሁለተኛ ስትሞክር አነሣ።

«ለሚ፣ ቤትህ አልመጣም።»

«እሺ ቲቸር። ግድ የለም አልኩሽ እኮ።»

«ስማኝ። ቤትህ አልመጣም፤ የማንም ቤት አልገባም፣ ከአባትህ ጋር ተነጋግረናል። ግን ተራራው ላይ፣ በጀርባው በሚሄደው መንገድ ላይ እሆናለሁ። በጥቅምት፣ በምዞርባት ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን። መንገድ ላይ ሰው ከሰው ይገናኛል። መገናኘት ለቅሶ መድረስ አይባልም።»

 ለሚ ሳቀ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር በስልክ አይታወቅም። «ቲቸር፣ እዚያ መንገድ ላይ የጭነት መኪና አይፈቀድም። እኔ ያለኝ ይሄው ነው።»

«የሰው መኪና ለምነህ ና።»

«እለምናለሁ። እመጣለሁ።»

«ብቻህን። ለማንም አትናገር፤ ለአባትህም ቢሆን።»

«እሱ እዚያ የለም እንዴ አሁን?»

«ሄደዋል። ሲራክ ብቻ ነው ያለው። እሱን ደግሞ ታውቀዋለህ።»

ዘጋችው። እኔ ተነሥቼ ቆሜ ነበር። «ቀኑን ሰጠሽው! ከተራራው ላይ ቆርሰሽ ሰጠሽው! አቶ በቀለ ራሳቸው ‘ማንም ጋ’ ብለው ነጻ አወጡሽ፤ አንቺ ደግሞ በገዛ እጅሽ...»

«ሰጠሁት።»

«ቅጠሉን መቼ ልታዪ ነው? ያን ሁሉ ክረምት ምን ስንሠራ ነበር የከረምነው?»

«አያለሁ። ሰው ሲያለቅስ ዓይኑ ይጠፋል እንዴ?» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ እንደተቀመጠች ትከሻዋ ወደቀ። «ደግሞ ማነው የሚያርፈው ሲራክ? አርፌ አላውቅበትም። ሁለት ቀን ተራራ ካየሁ ሦስተኛው ቀን የማየው ያንን ልጅ ነው፤ ነዳጅ ማደያ ቆሞ። እሱን ሳላየው ብመጣ ተራራውንም አላየሁትም።»

ይሄ ትክክል አይደለም። ብዙ መልስ ነበረኝ። የደከመ ሰው እንዲያርፍ የማይፈቅድ ልማድ ደግ ልማድ አይደለም፤ የሚያሳዝነውን ነገር ሁሉ የሚያዝን ሰው ላይ መጫን ፍቅር አይባልም፤ አቶ በቀለም ቢሆኑ ልጃቸው ሊጽናና የሚችልበትን በር በገዛ እጃቸው ዘግተው ነው የወጡት። ይሄን ሁሉ ማለት እችል ነበር። ግን ለማን? እህቴ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አትጠገብ ሄዳለች፤ ለሚ መኪናውን ይነዳል።

ተቀመጥኩ።

«ቦታ ፈልግልኝ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ቱሪስት የሚበዛበት አይሁን። ልጁ እንደ አገሩ ያለቅሳል፤ ፖሊስ ይጠሩበታል።»

«እንደ አገሩ ከሆነማ ግዛቱ ሁሉ ይሰማዋል።»

«መቀመጫም ይኑረው። ጉልበቴ ቆሜ ማልቀስ አይችልም።»

ካርታው ላይ በመንገዱ ዳር መኪና የሚቆምባቸው፣ ሸለቆው የሚታይባቸው ቦታዎች ምልክት አላቸው። አንድ በአንድ እየከፈትኩ ፎቷቸውን አየሁ። አንዱ ጋ አውቶቡስ ቆሟል፤ ተውኩት። ሌላው ጋ ሰዎች ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው ፎቶ ይነሣሉ። ኔትወርኩ ሄደ፣ ጠበቅሁት፣ መጣ። ወደ ሮአኖክ ቀረብ ካለው በኩል አንድ ጠባብ ቦታ አገኘሁ፤ ከአንድ የጥድ ዛፍ ሥር አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ አለ። ፎቶው የተነሣው በእነሱ በጋ ነው፤ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው።

«ይሄ ይሆናል?» ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋሁት።

መነጽሯን ሳታደርግ ትንሽ አየችው። «ሁለት ሰው ይይዛል?»

«ይይዛል።»

«ይሆናል» አለች።